ዳማ አለችልኝ

ባለፈው ሰኔ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ቆመና አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ያረጀ ኮርቻ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ገቡ። ረዳቱ ኮርቻው ጣሪያ ላይ ይጫን ቢላቸው ዝናብ ነው ብለው እምቢ አሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳም በቅሎዋስ የት ቀረች ብሎ ቀለደባቸው። ሽማግሌው ሳይከፋቸው ዞር ብለው «እሷን ገና ልገዛ ነው። ኮርቻው አለኝ፣ በቅሎዋ የእግዜር ፋንታ ናት» አሉትና ከጎኔ ተቀመጡ። በሩ ሲዘጋ ከከረጢቱ ውስጥ የረጠበ ቆዳ፣ የደረቀ የበቅሎ ላብና የቆየ ጭስ ሽታ ወጣ፤ እኔም መስኮቱን ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። ያ ሽታ የአባቴ ሽታ ነበር።

ጉልበቴ ላይ ቦርሳዬ ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ ለአራት ዓመት የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ውሌን እንደማያድስ የሚገልጽ ደብዳቤ። ለማንም አልነገርኩም። ለእናቴና ለአባቴ በስልክ «አታስቡ፣ ሥራዬ አለልኝ» ስል ኖሬ፣ አሁን ምን ብዬ እንደምገባ ሳስብ ነበር ሽታው የመጣው።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ደባርቅ ከተማው አልቆ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣው መንገድ የሚጀምርበት ላይ ነበር። አባባ የፈረንጆችን ጓዝ ጭኖ ወደ ተራራው የሚወጣ በቅሎ ጫኝ ነበር፣ በቅሎዋም አንዲት ነበረች፣ በቀለሟ ዳማ ስለሆነች ስሟም ዳማ ነበር። ጋጣዋ ከቤታችን ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ አባባ መደቡ ራስጌ ላይ ጭቃውን ፈልፍሎ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አበጅቶ ነበር፤ ተኝቶም ትንፋሿን እንዲሰማ ነው። በዚያ ቀዳዳ ብርድ ይገባ ነበር፣ ሽታዋም ይገባ ነበር፣ እኛ ልጆች ግን የሁሉም ሰው ቤት እንዲህ በቀዳዳ በኩል የሚተነፍስ ይመስለን ነበር።

ክረምት የዳማ ዕረፍት ነበር። ፈረንጅ አይመጣም፣ ጉሙ ከደጃፋችን አይነሣም፣ የአባባ ሥራ ሣር ማጨድና የዳማን ጀርባ በቅቤ ማሸት ብቻ ይሆን ነበር። ገብሱ ከጎታው ወገብ በታች ሲወርድና እማዬ የእኛን ቆሎ በእፍኝ መስጠት ስትጀምር እንኳ፣ የዳማ ድርሻ አይቀነስም ነበር። የእኔ ደብተር፣ የታናሽ ወንድሜ ጫማ፣ የሰኔው ዘር፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለየትኛውም ጭንቀት ቢነሣ አባባ አገጩን ወደ ግድግዳው ቀዳዳ ያመለክትና «ዳማ አለችልኝ» ይል ነበር፣ ነገሩም በዚያ ያበቃ ነበር።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ ይሁን እንጂ ለአንዲት ቃል እንደሷ የምትጠነቀቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አንድ የነሐሴ ቀን፣ ዝናቡ ውጭ ሲወርድ፣ ምስር እየለቀመች ቀና ሳትል አረመችው።

«አለችኝ በል። ያለችህማ ናት። አለልኝ የሚባለው ግን አንድ ነው።»

አባባ ሳቀና እሷንም ቢሆን የሰጠው እሱ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ታዲያ ሰጪውን ትተህ የሰጠህን ትጠራለህ?» አለችው፣ ምስሯንም መልቀም ቀጠለች።

እኔ ያኔ ልዩነቱ አልገባኝም። እኛን ግን በየጠዋቱ ታለማምደን ነበር፤ ለትምህርት ቤት ደጃፉን ስንሻገር «ማን አለልሽ?» ትለኛለች፣ እኔም ደብተሬን ብብቴ ውስጥ እየወተፍኩ «እግዜር» እላለሁ፣ ስሙን እንደ በር እየዘጋሁት እሮጣለሁ።

መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲገባ ጉሙ ይነሣና ፈረንጆቹ ይመጡ ነበር። ተራ የሚያዘው በወረቀት ሳይሆን በድንጋይ ነበር፤ እያንዳንዱ በቅሎ ጫኝ ሁሉም የሚያውቃት የራሱ ድንጋይ ነበረችው፣ ማለዳ እንደመጣ አጥር ሥር ከቀደመው ሰው ድንጋይ ኋላ ያስቀምጣታል፣ ጭነት ሲደርሰው ያነሣታል። የአባባ ድንጋይ ጥቁር ነበረች። የጎረቤታችን የአያ ደሴ ደግሞ ነጭ ጅማት ያላት ነበረች። አያ ደሴ ቀልደኛ ነበር፣ ለአባባ ቁርስ በሶ ይዤ ስመጣ ባየኝ ቁጥር «የበቅሎ ልጅ መጣች» ይልና፣ በቅሎ እንደማትወልድ እያወቀ እኔን ከየት እንዳመጣችኝ በሰው ፊት ይመረምረኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ በነበረበት ጥቅምት፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ ቡድን መጣ፤ ለዐሥር ቀን የሚወጣ፣ ምግብና ድንኳን የበዛበት። ሌላው በቅሎ ሁሉ ተይዞ አንድ ጭነት ብቻ ቀረ። በሶውን ይዤ ስደርስ የድንጋዮቹን ሰልፍ አየሁ፤ ነጭ ጅማት ያላት ከፊት ነበረች፣ ጥቁሯ ከኋላዋ። ጥቂት ቆይቶ ለገበያ የሚነዳ የበግ መንጋ በአጥሩ ሥር አለፈና ድንጋዩን ሁሉ በታትኖት ሄደ። አባባም አያ ደሴም እኔ ነኝ የቀደምኩት አሉ፣ ተራ አስከባሪው ደግሞ ጭነቱን ላለማዘግየት የሚምል ይውሰድ አለ። አያ ደሴ ለአንድ ጭነት አልምልም ብሎ እጁን አነሣ። አባባ ግን የዳማን አንገት ያዘና፣ «ዳማ ትሙት፣ ተራው የኔ ነው» አለ።

ከማለ በኋላ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እንዳየሁ አወቀ፣ እንዳወቀ አወቅሁ፤ በሶውን ሰጠሁትና ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከዐሥር ቀን በኋላ ጠቁሮና ደስ ብሎት ሲመለስ አዲስ ደብተርና ቀይ የክር ሹራብ አመጣልኝ። ሹራቡን ሳጠልቅ አንገቱ ላይ ያዝ አደረገኝ፣ የውሸቱን ግማሽ እኔም የለበስኩት ይመስለኝ ነበር።

በጋው በረታ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ በዚያ ዓመት ግን ፈረንጅ እንደወትሮው አልመጣም፣ አባባም ድንጋዩን አስቀምጦ አመሻሽ ላይ መልሶ የሚያነሣበት ቀን በዛ። መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ነጋዴ ጨውና ሳሙና ወደ መካነ ብርሃን የሚያወርድለት ሰው ሲፈልግ አባባ እሺ አለ። ጭነቱ ለአንዲት በቅሎ የበዛ ነበር። እማዬ ሰማዩን አይታ ውለህ እደር ብትለው፣ የለመደውን ቃል መለሰላትና ወጣ። ከቀትር በኋላ ያልተጠበቀ በረዶ ወረደ፣ ደጃፋችን ጨው የተነሰነሰበት መሰለ፣ እማዬም በረዶውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ተራራው ስታይ ቆየች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቀትር ላይ ከአጥራችን ውጭ ስጫወት አንድ ሰው ኮርቻ ተሸክሞ በመንገዱ ሲመጣ አየሁ። በቅሎ የሌለው ሰው ኮርቻ ምን ያደርግለታል ብዬ ልስቅ ስል፣ አረማመዱን አወቅሁት።

አባባ ኮርቻውን ግድግዳው ላይ ሰቀለና መደቡ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አዞረ። ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ከድቷት እንደወደቀች፣ ወርዶም ኮርቻውን እንደፈታላት ለእማዬ በሁለት ቃል ነገራት፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቃል ጠፋው። አንድ ሳምንት እንዲሁ ሆነ። ሰዎች ሊያጽናኑት ይመጡ ነበር፣ አንዱ ሌላ በቅሎ ይገኛል ይላል፣ አንዱ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚለውን ተረት ያለ ቦታው ይተርታል፣ አባባ ግን አይዞርም። እማዬ ዘሩን የት እንደምናገኝ አልጠየቀችውም፣ የጣሪያውንም አላነሣችም። የምትፈራው ረኀቡን ሳይሆን ያንን የዞረ ጀርባ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሰውዬው ሳይሞት ከዳማ ጋር ገደል ውስጥ ቀርቶባት ነበር።

በስምንተኛው ቀን የነፍስ አባታችንን መምሬ አድማሱን ጠርታ አመጣች። መምሬ በትራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ እኛም እንድንወጣ ተነገረን፣ እኔ ግን ጋጣው ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። ጋጣው ባዶ ስለነበር ሁሉም ነገር ጎልቶ ይሰማ ነበር። አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት፣ አባቴ። የደሴን ተራ ልወስድ ትሙት ብዬ በውሸት ማልኩባት፣ እግዜርም ሰማኝና ወሰዳት።»

መምሬ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ።

«እግዜር በበቅሎ አይቀናም» አሉ በመጨረሻ። «መንገዱ ረጥቧል፣ ጭነቱ ከብዷል፣ በቅሎም እግር አላትና ትወድቃለች። የማልከው ግን በሐሰት ነው፤ የወሰድከው የደሴን ተራ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ደሴ ሂድ፣ ከዚያ ወደኔ ትመጣለህ። ደግሞ አንተ ልጄ፣ ሰው የሚምለው በሚታመንበት ነው። ምነው በአራት እግር ላይ ወጥተህ ቀረህ?»

አባባ በዚያው ቀን ተነሣ። ፊቱን ታጠበና እኔን «ነይ» አለኝ፤ ለምን እንደሚወስደኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አያ ደሴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠፍር ይጠግን ነበር፣ ጉልበቱን ታሞ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። አባባ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«የፊተኛዋ ድንጋይ ያንተ ነበረች። ይቺም አይታለች።»

«አውቃለሁ» አለ አያ ደሴ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

አያ ደሴ ጠፍሩን በጥርሱ ሳብ አድርጎ አጠበቀና፣ «ልጣላህ ነበር» አለው። «በበቅሎህ ስትምል ጊዜ ግን አዘንኩልህ። ሌላ ነገር ያለው ሰው በበቅሎ አይምልም ብዬ።»

አባባ ያኔ ቁጭ አለ። አለቀሰ ልበል ወይስ አስነጠሰ እንጃ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አያ ደሴም ወደኔ ዞሮ እንግዲህ የበቅሎ ልጅ መባሌ ቀርቶ የሰው ልጅ ሆኛለሁና አዲስ ስድብ እስኪያገኝልኝ እንድታገሠው ነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ተአምር አይደለም። በሰኔ ዘራን፣ ግን ግማሹን መሬት ብቻ፤ ክረምቱን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ጥቂት በልተን ከረምን። ጥቅምት ሲመጣ አያ ደሴ ጉልበቱ ስላልዳነ የሱን በቅሎ አባባ እየነዳ ተራራ ይወጣ ጀመር፣ የሚገኘውንም ተካፈሉ፣ አባባ ነጭ ጅማት ያላትን ድንጋይ በማለዳ ተሸክሞ ሲሄድ አየው ነበር። የሚገርመኝ ሌላ ነበር። ዳማ በነበረች ጊዜ አባባ የሚተኛው በአንድ ዓይኑ ነበር፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሣል፣ ጅብ ነው፣ ሌባ ነው፣ ሆዷን ነው ይላል። ዳማ ከሞተች በኋላ ግን፣ ምንም የሚጠብቀው በሌለበት ዓመት፣ እንደ ሕፃን ይተኛ ጀመር። የዚያን ክረምት ጭቃ አቡክቶ ቀዳዳውን በእጁ ደፈነው። አሻራው እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ። ዘር ከየት እናመጣለን፣ ደብተር ከየት እንገዛለን ሲባልም እንደ ልማዱ አገጩን ወደ ግድግዳው ያነሣና፣ የተደፈነውን ቦታ አይቶ ፈገግ ይልና፣ «አለልን» ብሎ ይተወዋል። ማን እንዳለለን አይጨምርም ነበር፤ እማዬም ከዚያ በኋላ አላረመችውም።

ሚኒባሱ ደባርቅ ሲገባ ሽማግሌው ኮርቻቸውን ታቅፈው በዝናቡ ወረዱ፣ እኔም ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። አባባ አርጅቷል፣ ከመደቡ ብዙ አይርቅም፤ የዳማ ኮርቻ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱም ጉንጬን ስመው እንደጨረሱ እማዬ ወደ ጓዳ ገባች፣ አባባም ሥራሽስ አለኝ፤ እኔም «አበቃ» ብዬ ደብዳቤውን አውጥቼ ሳላነበው መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ እሱ ኮርቻውን ተሸክሞ ሲገባ እኛ እንዳየነው፣ ወረቀቱን አየው፣ ኮርቻውን አየው፣ ከዚያ እኔን። ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

ግጥም እጽፋለሁ ብዬ ዕድሜዬን በቃላት ላይ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፣ «ሥራዬ አለልኝ» ስል ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጆሮዬን አልቆረቆረኝም። በልጅነቴ ከደጃፋችን ውጭ ያለውን ሳላውቅ፣ እዚያው ቆሜ የእማዬን ጥያቄ መልስ ስወረውር ምንም አይከብደኝም ነበር፤ ያኔ የምደገፍበት ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ቃሉ ቀላል ነበር።

እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች፣ ሰምታናለች። ሥራውን አልጠየቀችም፣ ደብዳቤውንም አላየችው።

«ማን አለልሽ?» አለችኝ፣ ልክ ዛሬም ደብተሬን ይዤ እንደምወጣ ሁሉ።

ቶሎ አልመጣልኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን የአባባን አሻራ እያየሁ ጠበቅሁ፣ እነሱም ሳይቸኩሉ ጠበቁኝ፣ ከዚያ «እግዜር» ብዬ መለስኩላት።