የሠርጉ ጠላ ለምን መረረ

በደርግ ጊዜ እዚሁ ላፍቶ ሰፈራችን በተደገሰ ሠርግ ላይ ጠላው መሮ ሰው ፊቱን ያዞረው እጄ መራራ ስለሆነ አይደለም። እጇ ይመራል ተብዬ ስሜ ጠፍቷል፤ ያጠፉት ሰዎችም አብዛኞቹ ይቅርታ ሳይሉኝ አልፈዋል። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጽሑፌ ባያምር እንኳ ነገሩን ያዙልኝ።

ያን ጊዜ እኛ ሰፈር ሴት በጠላዋ ትታወቅ ነበር። እጇ ይጣፍጣል የተባለላት ለሠርግም ለክርስትናም ትጠራለች። እጇ ይመራል የተባለች ግን ድግስ ቤት ሄዳ ሽንኩርት ትልጣለች እንጂ ወደ ጋን አትጠጋም። እኔ ከሚጠሩት ነበርኩ። ጌሾዬን ከጀሞ ገበሬዎች ነው የምገዛው። ጀሞ ያኔ ማሳ ነበር። ቅጠሉን አኝኬ ካላየሁ አልገዛም፤ ሻጮቹም "መጣች ፍየሏ" ይሉኝ ነበር።

ጋን ነበረኝ፤ ትልቅ፣ ሆደ ሰፊ። በግራዋ እያጠብኩ፣ በወይራ እያጠንኩ ስንት ጊዜ ጠምቄበት ውስጡ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ያ ጥቁረት እድፍ አይደለም። የጠላው እርሾ የሚያድረው እዚያ ነው። ድፍድፉ ሲገባበት ቶሎ ይይዘዋል፤ በማግስቱ ይንጨረጨራል። ስለዚህ እኔ ጌሾ ስጥል አልሰስትም። ብርቱ እርሾ ጌሾ ካነሰው ጠላውን ያኮመጥጠዋል። በደካማ እርሾ ላይ ግን ያንኑ ያህል ጌሾ ብትጥሉበት ምሬቱን የሚያበርድለት አጥቶ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስጠምቅ ሐሳቤ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ማስማማት ላይ ነው። መስፈሪያ የለውም፤ ጋንሽን ማወቅ ነው።

ጎረቤታችን ልጁን ሊድር ሲሰናዳ ከሰፈሩ ትልቁ ጋን የእኔ ነበርና እዚያው ሠርግ ቤት እንድጠምቅ ተለመንኩ። ጋኑን ቤቴ አጥቤ አጠንኩት፤ ጎረምሶች ተሸክመው ወሰዱት። በማግስቱ ሄጄ ጌሾዬን ጣልኩ። ማድ ቤቱ በጭስና በቁሌት ሽታ ታፍኗል፤ ራሴ ያጠንኩት ጋን ነው ብዬ አፍንጫዬን አላስገባሁበትም።

ጠላው እንደ ወትሮው አልፈላም። ዛሬ ይነሳል፣ ነገ ይነሳል ስል ሠርጉ ደረሰ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የተቀበሉት ሽማግሌ ቀመሱና ዋንጫውን አዙረው አዩት።

"ይህ ጠላ ነው ኮሶ? እኛ እኮ ለሠርግ ነው የተጠራነው!"

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ከኋላዬ የምትኖረው፣ በጠላ ሁሌም የምትፎካከረኝ ጎረቤቴ ደግሞ አጋጣሚ አገኘች። "ጌሾውን በአካፋ ነው እንዴ የጨመርሽው? አይ እጅ! እጅሽስ ይመራል!" አለች፤ ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሆነ።

ጋኑ ወደ ቤት ሲመለስ አተላውን ደፍቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ወይራ የለም። የሸተተኝ የልብስ ሳሙና ነው። ግድግዳው ተፈግፍጎ ጥቁረቱ እንደ ቅርፊት ተነስቷል፤ ከሥሩ ቀዩ ሸክላ ወጥቷል። ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ ሠርግ ቤት ሄድኩ።

"ጋኑን በሳሙና ያጠበው ማን ነው?"

የሙሽራዋ እናት ሳቀችብኝ። "በሞትኩት! ሳሙና ለልብስ ጠፍቶ ማነው ለጋን የሚያወጣው? ይልቅ ጌሾውን አበዛሁት በይና ተገላገይ።"

እውነቷን ነው፣ ሳሙና በኅብረት ሱቅ በኩፖን ነበር የሚገኘው። የሙሽራዋ አክስት፣ የአባትየው እህት፣ ጥግ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ድሬዳዋ ኖራ ባሏ ሲሞትባት ወደ ወንድሟ የመጣች ዝምተኛ ሴት ናት። ቀና አላለችም። እኔም ልብ አላልኩም።

የወር ማኅበር ነበረን። ድግሱ የእኔ ተራ ሊሆን ሲል ያቺ ተፎካካሪ ጎረቤቴ ከማኅበሩ ተልካ መጣች። ጠላውን እሷ ትጥመቅልሽ ተብሏል አለችኝ። በገዛ ማኅበሬ፣ በገዛ ቤቴ! ደሜ ፈላ።

"እኔ ነኝ የምጠምቀው" አልኳት። "ከፈራሽ ግን መጥተሽ እዪ። ጌሾውን ስጥል አጠገቤ ቁሚ።"

"እቆማለሁ! ምን ያስፈራኛል?" አለች።

መጣችም። ጌሾውን ሰጠኋት፤ አኘከችው፤ "ደህና ነው" አለች ሳትወድ። ብቅሉን አሸተተች። ድፍድፉን ደፍድፌ ከጌሾው ጋር አንድ ላይ ካዋሃድኩት በኋላ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን በሳሙና ወደታጠበው ጋን፣ ግማሹን ሳሙና ነክቶት ወደማያውቅ አሮጌ ማድጋዬ። ጋኑን አላጠንኩትም፤ እንደተበደለ ተውኩት። በአንድ ጣሳ እየቀዳሁ፣ እሷ እያየች። "ለምን ታባክኚዋለሽ?" አለችኝ። "ዝም ብለሽ እዪ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም አላማረኝም። ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ጆሮዬን ማድጋው ላይ እለጥፋለሁ። ባሌ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ያየኛል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሬዲዮ ነው እንዴ? ዜና አለ?"

"አለ! ማድጋው ሲያወራ አያድርም መሰለህ! ና ስማ!"

"ጋኑስ?"

"ጋኑ ዱዳ ሆኗል።"

ሳቀና እሱም ጎንበስ አለ። ማድጋው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ዝናብ ነበር የሚንጨረጨረው፤ አረፋው ክዳኑን እየገፋ በጎን ይወርዳል፤ ሽታው የበሰለ ሙዝ የመሰለ፣ ከሥሩ ወይራ ያለበት። ብቻዬን እስቅ ጀመር። ወደ ጋኑ ስጠጋ ግን ጭር ያለ ነው፤ አልፎ አልፎ ብልቅ ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ያ የተኛ ጋን እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግራችሁ አልችልም! የራሴ ጠላ ተበላሸልኝ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የማኅበሩ ቀን ሴቶቹ ገቡ። ከሠርጉ ቤት እናትየው አሟት አክስቲቱ ተተክታ መጥታለች። መጀመሪያ ከጋኑ ቀዳሁ። ገና ከንፈራቸውን ሲነካው ተያዩ።

"ልጄ፣ ዛሬም?" አሉኝ የማኅበራችን ትልቅ እናት፣ ከማዘናቸው የተነሳ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ዋንጫቸውን ተቀብዬ አለቅልቄ ከማድጋው ቀዳሁላቸው። ቀመሱ። ደገሙ። ጨረሱና ዋንጫውን ዘረጉልኝ።

"ይህስ? ይህን ማን ጠመቀልሽ? እንዲህ ያለውን ደብቀሽ ነው?"

"ይህማ የጎረቤቷ ነው፣ ያስታውቃል" አለች አንዷ።

ጎረቤቴን አየኋት። ዝም ብትል ጠላው የሷ ሊሆን ነው። አንድ ጊዜ ጎነጨች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔን አየችኝ።

"የኔ አይደለም" አለች። "ሁለቱም የሷ ናቸው። አንድ ጌሾ፣ አንድ ድፍድፍ። ሲከፈል ቆሜ አይቻለሁ። ያ መራራው ሳሙና ከበላው ጋን ነው። እጇ አይመርም፤ እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔው እመልሰዋለሁ።"

ጩኸቱ ሌላ ነበር! ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ ትልቋ እናት መሬቱን በምርኩዛቸው ይመታሉ፤ አንዷ ሄዳ ጋኑ ውስጥ አንገቷን አስገብታ "ሳሙና! በእመቤቴ ሳሙና!" እያለች ትወጣለች። እኔ የመቅጃ ማሰሮዬን እንደያዝኩ መሐል ቤት ቆሜያለሁ፤ ደስታዬ ግን ገና አልሞላም።

"እንግዲህ አንድ ነገር ቀረ" አልኩ። "ያጠበው ማን ነው?"

 ከበሩ በኩል አክስቲቱ ዋንጫዋን መሬት አስቀምጣ ተነሳች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ጎረምሶቹ አምጥተው ሲያስቀምጡት ውስጡ ጠቁሮ አየሁት። ድሬዳዋ ጠላ ጠምቄ አላውቅም፤ ያደፈ መሰለኝ። እንግዳ አይቶ እንዳይስቅብሽ ብዬ የወር ሳሙናዬን ጨረስኩበት።"

ቁጣዬ ሊበርድ ሲል መልሶ ነደደ። "እሺ፣ አላወቅሽም እንበል። ሲስቁብኝ ግን ነበርሽ። ሰፈሩ በሙሉ እጇ ይመራል ሲለኝ፣ ያን ቀን መጥቼ ስጠይቅ፣ ምስር እየለቀምሽ ለምን ዝም አልሽኝ እህቴ?"

ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

"አንቺን ሲሰድቡሽ ወደ ቤትሽ ትገቢያለሽ" አለችኝ። "እኔ የሠርጉን ጠላ አበላሸች ብባል የት እገባለሁ? የተጠጋሁት የወንድሜ ሚስት ደጅ ነው።"