በካሌንደሩ ጀርባ ላይ የተኛችው

እህቴ ሥዕሉን ስታሳየኝ መጀመሪያ ያየሁት አፌን ነው። ተከፍቷል። በራችን ላይ ተቀምጬ፣ ራሴን መቃኑ ላይ አስደግፌ ተኝቻለሁ፤ አንድ እጄ ቢላዋ፣ ሌላው ግማሹ የተላጠ ድንች ይዟል። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዶ ልጣጩ ውስጥ ገብቷል። በከሰል ነው የሣለችው፣ ባለፈው ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ጀርባ ላይ።

"ይኼንን ለማን ልታሳዪ ነው?" አልኳት።

ትምህርት ቤታቸው የሥዕል ውድድር ሊያደርግ ነበር። ሥዕሎቹ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላሉ፣ ወላጆች ይጠራሉ፣ ያሸነፉት መድረክ ላይ ይሸለማሉ። የሥዕል መምህሯ ከሠራቻቸው ሁሉ ይኼኛውን መርጦ፣ የተሣለችውን ሰው ሳታስፈቅጂ ግን እንዳታመጪው ብሏታል።

እኔ ሰው ፊት ውኃ መጠጣት እንኳ የማፍር ነኝ። በምሠራበት ምግብ ቤት ከጓዳ ወጥቼ አላውቅም። ጠዋት ሰሃን አጥባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ለነገ የሚሆነውን ድንችና ሽንኩርት ቤት ወስጄ እልጣለሁ። ስተኛ የሚያየኝ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሌላ ሣዪ፣ ጮቄን ሣዪ አልኳት። ጮቄንማ ሥላ ነበር፤ መምህሩ አይቶ ተራራውን ሁሉም ይሥለዋል ብሏታል። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። እህቴ መለመን አታውቅበትም፤ ዝም ነው የምትለው። ራት ስንበላ ዝም፣ ጠዋት ደብተሯን ስትይዝ ዝም።

ነገሩ ለምን እንደከበዳት አውቃለሁ። አባታችን ስንቅ ሊያደርስልን ለገበያ በመጣ ጊዜ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻቸውን ሥዕሎች አይቶ፣ ልጄን ለትምህርት እንጂ ለከሰል አልላክሁም ብሎ ነበር። ይህን ካልተውሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ አላት። አባታችን ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያከብራል። የምስክር ወረቀት ካገኘሁ አይከለክለኝም ብላ ነው ተስፋዋን ሁሉ እዚያ ላይ የጣለችው።

አንድ ቀን እግሬ አብጦ ከሥራ ተመለስኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ጋደም ስል ካሌንደሩን ጠቅልላ ይዛ ፊቴ ቆመች። "እንደፈለግሽ" አልኳት። ደስ ብሎኝ አልነበረም። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

ትምህርት ቤቱ ወላጅ አምጪ ባላት ቁጥር የምሄደው እኔ ነኝ። ቤተሰቦቻችን ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ወዲያ ገጠር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ስንገባ አንዳችን መሥራት፣ አንዳችን መማር ነበረብን፤ እኔ ስምንተኛን ጨርሼ ስለነበር ይበቃኛል ተባለ። ስብሰባ ሲኖር ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከኋላ እቆማለሁ። የሚባለውን ሰምቼ፣ ራሴን ነቅንቄ እመለሳለሁ። ምኗ ነሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

የውድድሩም ቀን እንደዚያው ተከናንቤ ሄድኩ። ሥዕሌን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈውታል። ብርሃኑ ከኋላ ሲመታው የካሌንደሩ ቁጥሮች በወረቀቱ አልፈው ግንባሬ ላይ ይታያሉ። ተማሪዎች ከበውት ነበር።

"ሞታ ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

"የሞተ ሰው ድንች ይይዛል?" አለችው አጠገቡ ያለችው።

"ተዉአት፣ እኔም በሂሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ነኝ" አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ትንሽ ሳቅሁ። አጠገባቸው ቆሜ አላወቁኝም። ከወላጆች አንዷ ግን ብዙ ቆመው አዩትና "የኔ እናት፣ ደክሟታል" ብለው አለፉ። ያኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

የእህቴ ስም ሁለተኛ ሆኖ ተጠራ። መድረኩ ላይ ወጣች። መምህሯ እኔ ወደቆምኩበት እያመለከተ በድምፅ ማጉያው፣ "የተሣሉት እናቷም እዚህ ስላሉ ወደ መድረክ ይምጡልን" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ዞር ብዬ እናታችንን ፈለግሁ። ሳትነግረን መጥታ ይሆን ብዬ ነው። ከጎኔ የቆመው ሰው በክርኑ ነካ አድርጎኝ፣ "ይሂዱ እንጂ እማማ፣ እርስዎን እኮ ነው" አለኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መምህሩ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ልጅዎ እንዲህ ስትሸለም ምን ተሰማዎት ብሎ ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጋው። እህቴ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

"እህቷ ነኝ" አልኩ።

ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ማጉያው ግን እስከ በሩ አደረሰው። መምህሩ ፊቴን አየ፣ መስኮቱ ላይ ያለውን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ማጉያውን ዝቅ አድርጎ፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሁልጊዜ ስትመጪ እናቷ ነበር የምትመስይኝ" አለኝ። አልተቀየምኩትም። እኔም መስኮቱ ላይ ሳያት እንደዚያ መስላኛለች።

የምስክር ወረቀቱንና አንድ ፓኬት ቀለም ሰጧት። ያሸነፉት ሥዕሎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ የእሷ ሥዕል ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሊሰቀል ነው። ወደ ቤት ስንሄድ እሱንም ፈቀድሽ ወይ አለችኝ።

"እዚያ ምን ይደረጋል?" አልኳት።

"ይነበባል።"

"እኔ ግን እተኛለሁ" አልኩ። ሳቀች፤ ከዚያ እጄን ያዘችና እስከ ቤት አልለቀቀችውም። ዘጠነኛ ክፍል መግባት ምን ያህል እመኝ እንደነበር ነግሬያት አላውቅም፤ ያን ቀንም አልነገርኳትም።

አባታችን በሚቀጥለው ገበያ መጣ። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ምን ሥለሽ ነው አላት። አየችኝ።

"እሷን፣ ድንች ስትልጥ።"

"ይኼም ያሸልማል?" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ሳይሆን እንደተዘረጋ ሌማት ላይ አስቀመጠው። ሲወጣ፣ ትምህርትሽን እስካልነካ ሣዪ አላት።

ከሸኘነው በኋላ በሩ ላይ ተቀምጬ ድንቼን ያዝኩ። ፀሐዩ ሞቅ ይላል፤ ዓይኔ ተከደነ። ከውስጥ ከሰሉ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ።

"አፌን ግን ግጠሚልኝ" አልኳት፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።