ለወለተኪዳን የሚመልሰው ዋሻ

ወለተኪዳን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይኼ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ከዘመሮ በላይ ባለው ደጋ የበግ ፀጉር እየፈተለች፣ ባና እያሠራች በሞላሌ ገበያ የምትሸጥ፣ አባት እናቷን በአንድ ክረምት ቀብራ የሰው እጅ ሳታይ የኖረች ሴት ናት። በዚህ ዓለም የቀራት አንድ ወንድም ነው፤ ወሰኔ። እሱንም አዲስ አበባ ልካ ያስተማረችው በዚያው በፈትሏ ነው።

በ1929 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ጣልያን አዲስ አበባ ውስጥ የተማረ ሰው እያደነ በሚገድልበት ሰሞን፣ ወሰኔ እግሩ ቆስሎ፣ አጥንቱ ገጦ ደጃፏ ላይ ወደቀ። በእጁ የያዘው አንድ ደብተር ብቻ ነው። “ባሕር ማዶ ለመሄድ የምፈተንበት ነው” አላት። አይ ሰው! ነፍሱን ሊያድን ሲሮጥ ስንቅ አልያዘም፣ ፈተናውን ይዞ መጣ።

ደብተሩ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ከባድ ቃል እንዳይመስላችሁ፤ ጀማሪ የሚያውቀው ቀላሉ ነው። አስተማሪያቸው “የማታውቁት ቃል አይጥላችሁም፤ የሚጥላችሁ የምታውቁት ነው። ከጀርባው ሌላ ፍቺ አለው፣ ፈታኙም የሚያደባው እዚያ ነው” ብሎ አስጽፏቸው ነበር። ባንክ የገንዘብ ቤት ነው፤ የወንዝ ዳርም ነው። ፋይን መልካም ነው፤ መቀጫም ነው። ዌል ደህና ነው፤ የውሃ ጉድጓድም ነው። እንዲህ ያለ መቶ ሃያ ቃል።

ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰው በደረቱ ተስቦ ብቻ የሚገባበት ዋሻ አለ። እዚያ ደበቀችው። ዋሻው ጨለማ ነው፤ ደብተር አያስነብብም፤ እሳት እንዳይነድም ጭሱ ያሳብቃል። ወሰኔ በአንድ ወር ውስጥ ከራሱ ጋር ማውራት፣ ያለምክንያት ማልቀስ ጀመረ። ወለተኪዳን ደነገጠች። ፊደል አትቆጥርም፤ ግን መቶ ሃያውን ቃል ከአፉ እየተቀበለች እንደ ዳዊት በቃሏ ያዘችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በጎቿን አሰማርታ ዋሻው አፍ ላይ ትቀመጥና እንዝርቷን እያሾረች አንድ በአንድ ትጠይቀዋለች። እሱም ከውስጥ ሁለት ሁለት ፍቺ ይመልሳል። መልሶ በዋለ ቀን ይበላል፤ ይስቃልም። “ይኼ ፈተና ካለፈ ጣልያንም ያልፋል” ይላት ነበር።

የመንዝ ጉም ግን ወሬ ያቀብላል። ጎረቤቷ እትዬ አማከለች የጠፋች ፍየል ስትፈልግ በጠራራው ቀን አፋፉ ላይ ጉም ዋጣት። ቆማ ስታዳምጥ፣ ከምድር ሆድ ውስጥ የወፈረ የወንድ ድምፅ “መቃብር! ደግሞም ብርቱ!” አለ። እትዬ አማከለች ፍየሏንም ነጠላዋንም ትታ መንደር ገባች። ወይ ጉድ! በሦስት ቀን ውስጥ ድምፁን ያልሰማ ሰው ጠፋ። አንዱ ጋኔን ነው አለ፤ ሌላው ያልተፈታ ሙት ነው አለ። መምሬ ጎበዜ ተጠየቁና “ቅዳሜ ጠበል ረጭተን የዋሻውን አፍ በድንጋይ እንደፍነዋለን” ብለው ቈረጡ።

ወለተኪዳን ይህን ሰማች። ብትናገር፣ የእትዬ አማከለች ባል ለጣልያን ምሽግ ገብስ የሚያመላልስ ሰው ነው፤ ወሬው ሳይመሽ ዘመሮ ካለው ምሽግ ይደርሳል። ዝም ብትል ወንድሟ ከነሕይወቱ ይቀበራል።

ቅዳሜ ዕለት ጉሙ እንደ ባና ከብዶ ነበር። ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ አፋፉ ላይ ቆሟል። መምሬ ጎበዜ መስቀላቸውን አውጥተው ገና “በስመ አብ” ሲሉ፣ ወለተኪዳን ዋሻው አፍ ላይ ተወረወረች። አጓራች፤ አንገቷን ወዘወዘች፤ ፀጉሯን በተነች።

“ዛር ነው! ዛር ሰፈረባት!” አሉ ሴቶቹ።

“ማነህ አንተ? ስምህን ተናገር!” አሏት መምሬ ጎበዜ።

ምን ትበል? አስባበት አልመጣችም። አፏ ላይ የመጣላትን የደብተሩን ቃል ጮኸች፦ “ግሬቭ!”

ከእግሯ በታች፣ ከድንጋዩ ውስጥ፣ “መቃብር! ደግሞም ብርቱ!” የሚል ድምፅ ወጣ።

ልማዱ ይዞት ይሁን ገብቶት፣ ኋላ ስትጠይቀው ሳቀ እንጂ አልነገራትም። ሰዉ ግን ድንጋዩን ጥሎ ተበተነ። መምሬ ጎበዜም መስቀላቸውን ጨብጠው ወደኋላ ወደኋላ ሄዱ። እትዬ አማከለች ብቻ ደፍራ ከሩቅ ተንበረከከች፤ ዛር ሲሰፍር የሻተውን ይጠየቃል፣ የሻተውም ይሰጠዋልና።

“ጌታዬ፣ ምን ትሻለህ? ግብርህን ንገረን፣ ፈረስህን አትጉዳብን።”

ወለተኪዳን ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ “ዳቦ! ቅቤ! በየቅዳሜው! ከዚህች ከፈረሴ በቀር ማንም እንዳይቀርበኝ!” አለች።

እነሆ መንደሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያውቀው ልጁን ቀለበ። በተራ ዳቦ ይጋግራሉ፤ አፋፉ ላይ አኑረው ዞር ሳይሉ ይሮጣሉ። ወሰኔ ሥጋ ለበሰ፤ ቃሉንም ከዳር እስከ ዳር ጨረሰ። የከፈለችው ግን እሷ ናት። ከሞላሌ ያጫት ክንፈ ሽማግሌ ልኮ “የዛር ፈረስ አላገባም” አለ። ልጆች ጥላዋን እንኳ አይረግጡም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

በሦስተኛው ክረምት ወሰኔን ብርድ ገባው። ሳል፣ ከዚያ ደም። ሐኪም ቢጠራ ማን ይጠራ? “መስከረም ሲጠባ ጠይቂኝ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ” ይላታል፣ እየቃተተ። በነሐሴ አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ጉም ሲወርድ፣ ትኩስ አጥሚት ይዛ ወጣች። ገና ሃያ ክንድ ሲቀራት፣ ሳትጠይቅ፣ ድምፁ ከውስጥ ጥርት ብሎ መጣ፦ “ደህና፤ ደግሞም የውሃ ጉድጓድ።”

“ተሻለው!” ብላ በደስታ እየተሳበች ገባች። ወሰኔ በጎኑ ተጋድሟል። እጁን ብትይዘው ድንጋይ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሞቶ ኖሯል።

ወለተኪዳን አልጮኸችም። ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ፣ የመለሰላት ማን እንደሆነ እያዳመጠች ቆየች። ያን ቀን ከሁሉ የፈራችው፣ ደግሞ ይመልስ እንደሆነ ነው። ዋሻው ግን ዝም አለ።

በማግስቱ መምሬ ጎበዜ ቤት ሄደች። “አባቴ፣ ፍትሐት የሚፈታበት ሰው አለኝ” አለች።

“አንቺ ልጅ፣ ዛርሽ ደግሞ ፍትሐት ያምረው ጀመር? ለጋኔን አይፈታም!”

“የክርስትና ስሙ ወልደ ሰማዕት ነው።”

መምሬ ጎበዜ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ዛር የክርስትና ስም የለውም። ይህን ስም ደግሞ ያወጡት፣ አጥምቀውም በእናቱ እጅ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። “ወሰኔ?” አሉ። በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። “ወይኔ! እኔ እኮ በቁሙ ልደፍንበት ነበር!” ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ሁለቱ ብቻ በጉሙ ውስጥ ወጡ። ሽማግሌው በደረታቸው ተስበው ገቡ። ወለተኪዳን አፈሩን በእጇ ጭራ ጭራ ቆፈረች፤ እሳቸው በሹክሹክታ ፈቱት። ሲጨርሱ፣ “ልጄ፣ ልቅሶ አይቻልም። እንባሽ ከታየ ሰዉ ይጠይቃል፣ ከተጠየቀ ምሽጉ ይሰማል፣ መንደሩም ይቃጠላል” አሏት። ፊቷን በዝናብ ውሃ ታጥባ ወጣች።

አፋፉ ላይ ዳቦ ልታኖር የመጣችው እትዬ አማከለች ከሴቶቹ ጋር ቆማ ቄሱ ከዋሻው ሲወጡ አይታለች። “ምን ሆነ? ዛሩስ?” አለች፣ ዓይኗ ፈጦ።

ወለተኪዳን ራሷ መለሰች።

“ሄደ፤ አይመለስም።”

“እልል! እልልልል!” እትዬ አማከለች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። “እንኳን ለቀቀሽ፣ የኔ እናት! እንኳን ለዚህ አበቃሽ!” ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ሁለት ዓመት ያልነኳት እጆች ጉንጯን ያዙ፣ ትከሻዋን ሳሙ፣ ጭብጨባው አፋፉን ሞላው። ወለተኪዳን መሐላቸው ቆማ፣ ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን አፈር በቀሚሷ ሸፍና፣ ወግ ነውና “እንኳን አብሮ ደስ አለን” አለቻቸው።