የአኬ አዲሱ ደጋን

አኬ ሰው ሲስቅለት እንኳ «ምን አየብኝ?» የሚል ሰው ነው። ዘሩ በንብ ስም የሚጠራ፣ የንብ ዘር ነው። ሰፈሩ «የንብ ዘር ሁሉ ተናዳፊ ነው» እያለ ይቀልዳል፤ አኬ ግን ሳይናደፍ ሦስት ቀን ይዞራል።

ሳይጠረጥር የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ የሚስቱን ወንድም ዋደንን። ሃያ ዓመት አብረው አድነዋል። አኬ ፍላጻ ይቀርጻል፣ ዋደን መርዝ ይቀምማል። መርዙ ከተራራው ጫፍ፣ ከበረዶው አጠገብ ከሚቆፈር ሥር ነው የሚሠራው፤ ከዋደን በቀር የሚያውቅበት የለም። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሁለቱ ሰው ሁሉ እያየ ጉንጭ ለጉንጭ ይገጥሙና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንድ የቀርከሃ ዋንጫ የበቆሎ አረቄ ይጠጣሉ። ይሄ እኛ ዘንድ ጨዋታ አይደለም። የጠጡ አብረው ያድናሉ። አልጠጣም ያለ ጫካውን ይካፈላል፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ የሌላውን ሸንተረር አይረግጥም፣ ቤተሰቡም አንድ እሳት አይሞቅም። የአኬ ሚስት አኒ ከባሏና ከወንድሟ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባታል ማለት ነው።

ነገር የተበላሸው የአኬ ቀስት የተሰነጠቀ ዕለት ነው። ባለቃታ ቀስት ነበር፤ ደጋኑ ሰደፉ ላይ ተጋድሞ የታሰረ፣ እንደ ጠመንጃ ጉንጭ ላይ አስደግፈው የሚተኩሱት። ከአባቱ የወረሰው ነው። ስለዚህ ወንዙ ዳር ወደሚኖሩት ቀስት ሠሪ፣ ወደ አባባ ፑላ ወረደ።

ሽማግሌው ሦስት ቀስት አወጡለት። አኬ ሁለቱን በወጉ እንኳ አላያቸውም። ሦስተኛው ደጋኑ ከዱር እንጆሪ ዛፍ የተሠራ፣ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ ነበር።

«እሱ ላንተ አይሆንም» አሉት።

«ለማን አስቀምጠውት ነው?»

«ለማንም። ለድብ ነው የሠራሁት። አንተ የምታድነው ያችን እንደ ውሻ የምትጮኸውን ትንሿን አጋዘን ነው።»

«ጥሩውን ደብቀው ልፍስፍሱን ሊሰጡኝ ነው እንዴ?»

አባባ ፑላ ሳቁ። «እሺ ውሰደው። ወገብህ ሲቆረጥ ግን እኔ ቤት መጥተህ እንዳታቃስት።»

አኬ መሬት ቁጭ አለ፣ ሁለት እግሩን ደጋኑ ላይ አስደግፎ አውታሩን ወደ ደረቱ ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ጥርሱን ነከሰ። እንደምንም ቃታው ላይ አያያዘው። ፍላጻ ደግኖ ሲለቀው የሙዙን ግንድ በስቶ አለፈና ወንዙ ውስጥ ገባ።

«አዩ!» አለ።

ሽማግሌው የግንዱን ቀዳዳ በጣታቸው ለክተው ከንፈራቸውን መጠጡ። አኬ ይሄን ምቀኝነት ነው ብሎ ያዘው። አንድ የሰባ አሳማ ሰጥቶ ቀስቱን ተሸክሞ ሽቅብ ወጣ።

የመጀመሪያዋን አጋዘን በሠላሳ እርምጃ መታት። ልክ ከትከሻዋ ኋላ። ዘላ ሄደች። ድሮ ቢሆን መርዙ ሥራውን ይሠራል፤ ሰው አንድ የበቆሎ እሸት ግጦ ሳይጨርስ ወድቃ ያገኛታል። አኬ ደሟን እየተከተለ ዋለ፤ ጅረቱ ጋ ሲደርስ ጠፋበት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ስትሄድ ዞር ብላ አየችው፤ የሳቀችበት መሰለው።

«መርዙ ነው» አለ።

ይቺ ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ እንቅልፍ የለም። ዋደን በዚያው ሰሞን ሁለት ጥሏል። ከአንድ ማሰሮ እየተቀባ የሱ ይገድላል፣ የኔ አይገድልም? ደግሞስ ማሰሮው አንድ መሆኑን ማን አየ? መርዙን ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አልነበር? አዎ፣ አዙሮ ነበር። እንደ ወጉ ዋደን የገደላትን አጋዘን ጉበት ለእህቱ ሲልክ፣ አኬ ጎመን ላይ እባብ ያየ ይመስል አፈገፈገ።

«ብላ እንጂ» አለችው አኒ።

«ለምን ላከው?»

«እኔ እህቱ ስለሆንኩ፣ አንተም አፍ ስላለህ።»

«ቆስላ ያመለጠችኝን ከኋላ እየተከተለ የሚያነሳ ሰው ካለስ? ጉበቱ የራሴ ከሆነስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህ ከሆነማ ደስ ብሎህ ብላ!»

አልበላም። በማግስቱ አኒ እርሻ ስትወርድ ጠብቆ ቀይዋን ዶሮ ያዘና እግሯን በፍላጻው ጫፍ ጫር አደረጋት። ዶሮዋ ጥቂት እንደተራመደች ድፍት አለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን፣ መርዙ ደህና ነው» ይላል። አኬ ግን ዶሮዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ አሰበ፣ አሰበና፦

«ለዶሮ የሚበቃ ነው የሰጠኝ» አለ።

አኒ ስትመለስ ጮኸች። «እንቁላል ጣይዋን! ወንድሜን ጠርጥረህ ዶሮዬን?» ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ዋደን ወዲያው መጣ። አልገባም፤ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«አማቼ፣ ዶሮ በመርዝ ገደልክ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ዶሮዋ አይደለችም መቼም።»

አኬ የዶሮዋን ላባ በእግሩ ገፋ።

«ዛሬ ዶሮ ላይ ሞከርከው» አለ ዋደን፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ነገ ማን ላይ ትሞክረዋለህ? ዘንድሮ ዋንጫውን የምትይዘው አንተ ነህ እኮ።»

«ከጠጣሁ ነዋ!» አለ አኬ።

ዋደን አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። አዲስ ዓመት ሊገባ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አኬ ጥቁር ስንዴው እርሻ ጫፍ አድፍጦ አንዲት አጋዘን መታ። እንደ ሌሎቹ ዘላ ሄደች። አልተከተላትም። ዓለት ሥር ተኝቶ ጠበቀ፤ ዋደን ከየት በኩል ብቅ ብሎ እንደሚያነሳት ዛሬ በዓይኑ ሊያይ ነው። ፀሐይ ከተራራው ወጣች። ጤዛው ደረቀ። ጉንዳን ክንዱ ላይ ወጣ። የመጣ ሰው የለም።

ተስፋ ቆርጦ ቀና ሲል፣ አጋዘኗ ቆማበት ከነበረው ቦታ በስተኋላ አንድ ጥድ ላይ የተሰካ ነገር አየ። ሄደ። የራሱ ፍላጻ ናት። የቀርከሃ ቅጠል ክንፏ በደም ርሷል። ነቀላት። ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ እንዲቀር ብሎ በገዛ ቢላው የሸረፈው ጫፍ አልተሰበረም። ጥቁሩ መርዝም ትንሽ ተፋቀ እንጂ እንዳለ ነበር። መርዙን ሥጋዋ ውስጥ ሳትተው በስታት አልፋለች። ልክ እንደ ሙዙ ግንድ።

አኬ ጥዱ ሥር ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ፑላ ሆን ብሎ ነው» የሚል ነበር። ከዚያ ሽማግሌው «ላንተ አይሆንም» ያሉት ትዝ አለው። ሌላ ሰው ፈለገ። የሚጠረጥረው አጣ።

የአዲስ ዓመት ዕለት ሰፈሩ ተሰበሰበ። አኬ ዋንጫውን ይዞ ዋደን ፊት ቆመ። ዋደን አልቀረበም። አረቄውን በሩቁ አሸተተው።

«መርዝ የነካው እጅ ነው ይሄን የያዘው?» አለ።

አኒ አፏን በመዳፏ ያዘች። አኬ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና ያችን ፍላጻ ከነደሟ አውጥቶ ሰጠው።

«ከጥድ ላይ ነው የነቀልኳት» አለ። «መርዝህ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የኔ ደጋን ነው።»

ዋደን ጫፏን አገላብጦ አየ። «ሳትሰበር ወጣች?»

«ወጣች።»

«ለዚህ ነው የሰባ አሳማ የሰጠኸው?»

ሳቅ ሆነ። አባባ ፑላ ከሁሉም በላይ ሳቁ። ዋደን ግን አልሳቀም። «ቀስቱን አምጣ፣ ቢላም» አለ። ቁጭ ብሎ ደጋኑን ይፍቅ ጀመር፣ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጉልበቱ ላይ ይወድቃል። አኬ እያንዳንዷን በዓይኑ ይከተላል። አንዱን ወገን አሳስቶ ሊሰብርብኝ ይሆን? አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ።

«ሳብ» አለው ዋደን።

ሳበ። ጥርሱን ሳይነክስ መጣለት።

ከዚያ ዋንጫውን አነሱ። ጉንጭ ለጉንጭ ገጠሙ። ከዚያ ቅርበት የሚታየው የዋደን አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ እሱም አልተጨፈነም፣ አኬን ያያል። አኬም አየው። አረቄው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ቆመ።

አኬ ቀድሞ ዓይኑን ጨፈነና ጠጣ።