የሐሙስ ከሰዓት ባዳዎች

ልብስ ሰፊዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ጋዜጠኛዋ» ይሏት ነበር። በክፋት አይደለም፤ ጠይቃ የማትጠግብ ሴት ስለነበረች ነው። መጋረጃ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ የመስኮቷን ስፋት ተናግራ ሳትጨርስ፣ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ፣ አጠገቡ ማን እንደሚተኛ፣ የድሮው መጋረጃ ምን ሆኖ እንደወረደ ሁሉ ተናዝዛ ነበር የምትወጣው። በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት በላይ የሚሰማው የእሷ «እንዴት ሆኖ?» ነው።

እቤት ስትገባ ግን ጥያቄዋ ሁሉ አፏ ላይ ይደርቃል። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባሏና ከባሏ እናት ጋር ነው። ባሏ ፋርማሲስት ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። አማቷ ዕድሜያቸውን በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ወንበር ላይ እንኳ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። በሁለቱ ሴቶች መሃል ጠብ የለም። ፍቅር ይኑር አይኑር ግን ማንም አጣርቶ አያውቅም። «እንዴት አደርሽ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ይባባሉና አንዷ ወደ ጓዳ፣ ሌላዋ ወደ በረንዳ። ከሁለት ዓመት በፊት ልብስ ሰፊዋ ጽንስ ከወረደባት ወዲህ ደግሞ ቤቱ ጭራሽ ዝም አለ። አማቷ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እሷም «ግድም አልሰጣቸው» ብላ ነገሩን ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ መብራት ጠፋ። አለቅየው ጥቂት ጠበቀና «በሉ ወደየቤታችሁ» አለ። ልብስ ሰፊዋ የሕንፃቸው በር ላይ ስትደርስ አማቷ ሲወጡ አየች። ባለችበት ቀጥ አለች። ሐሙስ ከሰዓት አማቷ ይተኛሉ፤ «በዚያ ሰዓት ስልክ እንዳትደውሉልኝ» ብለው ለልጃቸውም ለእሷም ካሳወቁ ቆይተዋል። አሁን ግን አይታ የማታውቀው ነጭ ሸራ ጫማ አድርገው፣ የጨርቅ ቦርሳ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እንደ ኮረዳ ፈጠን ፈጠን እያሉ ይሄዳሉ።

«ወይ ጉድ!» አለች በሆዷ። መከተል ነውር መሆኑን ታውቃለች። እግሯ ግን ቀደማት።

አማቷ ጎማ ጠጋኙን አልፈው፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ታጥፈው፣ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አጮለቀች። ሽማግሌዎች፣ የቤት እመቤቶች፣ ከሥራ የመጡ የሚመስሉ ጎልማሶች ጫማቸውን አውልቀው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁሉም በአውራ ጣታቸው የሌላውን እጃቸውን መዳፍ ተጭነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መሃል ላይ የቆሙት አማቷ ናቸው።

«ጫን… ያዝ… ቀስ ብለህ ልቀቅ» ይላሉ፤ እቤት ሰምታው በማታውቀው፣ ሞቅ ባለ ድምፅ።

የበለጠ ለማየት በሩን ገፋ ብታደርገው ሲጢጥ አለ። ሁሉም ዓይናቸውን ገለጡ። አማቷም ዞሩ። ፊታቸው ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉ። «አዲስ ነሽ? ጫማሽን አውልቂና ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ምን ትበል? «አዎ፣ አዲስ ነኝ» አለችና ጫማዋን ፈታች።

ሾፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው፣ ወፈር ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። «አትፍሪ፣ አይነክሱም» አላት በሹክሹክታ። «አኩፕሬሸር ይሉታል። እኔ ስሙን ለመጥራት ስለሚያቅተኝ ‹መጫን› ነው የምለው።»

አማቷ ለአዲሷ ሴት ሲሉ ሕጉን ከመጀመሪያው አስረዱ። ሁሉም የሚጫነው የራሱን ሰውነት ነው። የሚጫነውም እስኪያም አይደለም፤ መብሰሉን ለማወቅ አቮካዶ እንደሚነካ ሰው ነው። መድኃኒት የሚወስድ መድኃኒቱን እንዳይተው። ደረቱን የሚያመው፣ ድንገት የሚያዞረው ደግሞ እዚህ ጊዜ ሳያጠፋ ሐኪም ቤት ይሂድ። ከዚያ አንገትና ትከሻ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ነጥብ አሳዩ። ልብስ ሰፊዋ መኪና ላይ ስታጎነብስ የምትውል ናትና እዚያ ቦታ ላይ የተቋጠረ ነገር አለ። ጫነችው፤ ያዘችው፤ ለቀቀችው። ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ላላ ያለ መሰላት። የጣቷ ሥራ ይሁን፣ ወይስ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አርፋ መቀመጧ፣ መለየት አቃታት። የማትለየውን ነገር ደግሞ ሳትጠይቅ ማለፍ አትችልም።

«እትዬ» አለች፣ እንደ ባዳ፣ «ሲጫኑት ሕመሙ የት ይሄዳል?»

«እኔም ጠይቄያለሁ» አሉ አማቷ። «ያስተማረችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንዳንዱን አስረድታኛለች፤ ጡንቻው ይፍታታል፣ ትንፋሽ ይረጋል ብላለች። አንዳንዱን ደግሞ ‹በእርግጠኝነት አናውቅም› አለችኝ። አናውቅም ስላለችኝ ነው ያመንኳት። አንቺም ዝም ብለሽ አትመኚኝ፤ ጫኚና የተሰማሽን ንገሪኝ።»

እቤት ውስጥ ይህን የሚያክል መልስ አግኝታ አታውቅም።

ማታ ራት ላይ ባሏ እናቱን «እንዴት ዋልሽ እማዬ?» አላቸው።

«ተኝቼ ዋልኩ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ልብስ ሰፊዋ የምትጠጣው ውሃ ትን አላት። ባሏ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። አማቷ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ የከንፈራቸው ጠርዝ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት በማለዳ ገብታ ሥራዋን ጨረሰችና አለቅየውን አስፈቅዳ ሄደች። ከዚያ በኋላም ሄደች። አዳራሹ ውስጥ አማትና ምራት መሆናቸውን ማንም አያውቅም፤ እቤት ደግሞ ስለ አዳራሹ ማንም አያነሳም። እሷ ነገር የምታወጣጣው ከሾፌሩ ነበር።

«መምህራችን እኮ ጣታቸው ተቆላልፎ ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው ነበር፤ ታይፕ ሲመቱ ኖረው» አላት አንድ ቀን ወንበር ሲሰበስቡ። «ሐኪም ቤት ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ይህችን ነገር ተማሩ። ቀጥሎ እዚህ ታስተምረን የነበረችው ባለሙያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ እኛም ልንበተን ስንል እሳቸው ተነሥተው ‹እስኪ እኔ ልምራችሁ› አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ።»

«ቤታቸው ያውቃል?»

«የት ያውቃል! ልጃቸው ፋርማሲስት ነው አሉ። መጀመሪያ ላይ ቢያጫውቱት ‹እማዬ፣ በሽታ በአውራ ጣት የሚድን ከሆነ እኔ ምን ልሸጥ ነው?› ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው መቼም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ አፋቸውን ያዙ።»

ልምምዱ ሲያበቃ ሰዎቹ ጫማ እያሰሩ የሆዳቸውን ይጨዋወታሉ። ከአባላቱ አንዷ የሆነችው ፀጉር ሠሪ ስለ እግሯ እብጠት፣ ሾፌሩ ስለማይደውሉለት ልጆቹ። አንድ ሐሙስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አማቷ ተናገሩ።

«እኔ ምራት አለችኝ» አሉ፣ ቦርሳቸውን እያጠፉ። «እጇ ወርቅ ነው። ሥራ ቦታዋ ጠያቂ ናት አሉ። እኔን ግን አትጠይቀኝም። ጽንስ ወርዶባት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምን ብዬ እንደማናግራት ጠፋኝ። በወጣትነቴ እኔም ደርሶብኛል። ያኔ ሰው ሁሉ ‹አይዞሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ› ሲለኝ እንዴት እንደጠላሁት አልነግራችሁም። እሷን እንደዚያ ላለማለት ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ምን ብላ እንደምትተረጉመው ግን አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ የጫማዋ ማሰሪያ ላይ አቀረቀረች። ማሰሪያው ግን አልታይ አላት።

ምንም የማያውቀው ሾፌር ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ወጣት ነሽ፤ እስኪ ምራታቸው ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ሁሉም አዩዋት። አማቷ ብቻ ወደ መስኮቱ ያያሉ።

«እኔ… ምራታቸው ብሆን» አለች፣ «ዝም ያለ ሰው የተቀየመ ይመስለኛል። የተቀየመ ሰው ደግሞ መጠየቅ እፈራለሁ።»

«እንግዲህ አንድ ቀን ብታገኛት» አሉ አማቷ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ፣ «አልተቀየሙሽም በያት።»

«ካገኘኋት እነግራታለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየችና ፈገግ ብላ ጫማዋን አሰረች።

እቤት ግን ያው ነው፤ «እንዴት አደርሽ?» «ደህና፣ እርስዎስ?» ለውጥ ቢባል፣ አማቷ ብርቱካን ሲልጡ ግማሹን ሳይናገሩ እሷ ሳህን ላይ ማድረግ ጀመሩ። እሷም የሸራ ጫማቸውን ባሏ ሳይገባ አጥባ በረንዳ ላይ ታሰጣላቸዋለች።

ወሩ ሳይሞላ፣ አንድ ሐሙስ አማቷ አዲስ ነጥብ ሊያሳዩ ቆሙ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ሥጋ ላይ ነው፤ ለራስ ምታት። «ይህኛው ሕግ አለው» አሉ። «እርጉዝ ሴት አትጫነውም። ጉዳቱ ይህን ያህል ነው የሚል ማስረጃ የለኝም፤ ያስተማረችን ግን ‹ተዉት› ብላለች፣ እንተወዋለን። መቼም እዚህ ያለነው ሁላችንም ጊዜያችን ያለፈ ነን።» ተሳሳቁ። «በሉ። ጫን…»

ክቡ ሁሉ እጁን ጨበጠ። ልብስ ሰፊዋም ጣቷን እዚያ ቦታ ላይ ልታሳርፍ ነበር። ሳታሳርፈው ቀስ ብላ አነሳችና ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ያዝ…» አሉ አማቷ። ዓይናቸው እጆቿ ላይ አረፈ። ከዚያ ፊቷ ላይ። ከዚያ ተመልሶ እጆቿ ላይ።

አዳራሹ ጠበቀ። «ልቀቅ» የሚል ድምፅ አልመጣም።

«መምህር፣ እንልቀቅ ወይስ እንደያዝን ወደ ቤት እንሂድ?» አለ ሾፌሩ።

«ልቀቁ፣ ልቀቁ» አሉ አማቷ። «ይሄ ይቆየን። ዛሬ… ዛሬ ሌላ እናያለን። ለማቅለሽለሽ።»

«ማን አቅለሸለሸው?» አለ ሾፌሩ ግራና ቀኝ እያየ።

«አንተን መኪና ስትነዳ አያቅለሸልሽህም?»

«እኔ ነጂ እንጂ ተሳፋሪ ነኝ እንዴ?»

አማቷ ክቡን አቋርጠው መጡና ልብስ ሰፊዋ ፊት በርከክ አሉ። የግራ እጇን ገልብጠው ያዙ። ባንድ ጣሪያ ሥር ያን ሁሉ ጊዜ ሲኖሩ እጇን ሲይዟት ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ከእጅ አንጓዋ ላይ የሦስት ጣት ስፋት ለክተው፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ ለሁሉም ይሆናል» አሉ። «ለሁሉም። ጠዋት ጠዋት ራስሽ ታደርጊዋለሽ።»

ከአዳራሹ አብረው ወጡ።

«ባልሽ ያውቃል?» አሉ አማቷ።

«አያውቅም። እንደ ባለፈው ተደስቶ ደግሞ… ፈራሁ።»

«ሐኪምስ?»

«ሰኞ ቀጠሮ አለኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን ልሄድ ነበር።»

«ሰኞ ሥራ የለኝም» አሉ አማቷ። ጥቂት ሄደው ጨመሩ፤ «እሺ፣ ሌላስ? ጠያቂ አይደለሽ እንዴ?»

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። «እማማ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ለምን አላውቅሽም አሉኝ?»

«ደንግጬ ነዋ! ‹እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?› ብለሽ የምትጮኺ መስሎኝ። ‹አዎ፣ አዲስ ነኝ› ስትይ ግን ደስ አለኝ። እንደ አዲስ መተዋወቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።»

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጎማ ጠጋኙ ሥራውን ትቶ እስኪያያቸው ድረስ።

ማታ ፋርማሲስቱ ገና ቁልፉን ሳያስቀምጥ እናቱ «ልጄ፣ እኔ ሐሙስ ሐሙስ አልተኛም» አሉት።

«እንቅልፍ እምቢ አለሽ? ምን ሰዓት ላይ—»

«እሱ አይደለም» አለች ሚስቱ። «ደግሞ እኔ አርግዣለሁ።»

ባልየው አንዱን ዜና ከሌላው ጋር ለማያያዝ ብዙ ደከመ። ሲገባው ቁልፉን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቱንም እናቱንም ደጋግሞ አየ። በመጨረሻ የአውራ ጣቱን ቀልድ አስታወሰና ጆሮው ቀላ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው» አለ። «ማቅለሽለሹን ካቀለለላት እሰየው። ሐኪሙ የሚያዝላትን ግን እንዳትተው።»

«ተይ ያላት ማን አለ!» አሉ እናቱ።

እርግዝናው ቀላል አልነበረም። መሃል ላይ ደም ታያትና ሐኪሟ ተኝታ እንድትቆይ አዘዘ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አማቷ ከአጠገቧ አልራቁም። ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ግን እንደ ድሮው አልከበዳትም፤ ምን እንዳለበት ስለምታውቅ፣ ካላወቀችም ስለምትጠይቅ። ፀጉር ሠሪዋ እየመጣች ፀጉሯን ታጥብላት ነበር። «እኔስ ያን ቀን ጠርጥሬያለሁ» አለች፤ ሾፌሩ ግን እስኪነግሩት ድረስ አልጠረጠረም፤ ሲሰማም «እና ምራታቸው ብትሆኚ ብዬ ምራታቸውን ነው የጠየቅኩት?» ብሎ ራሱን ያዘ። ቀኑ ሲደርስ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ቀጭን፣ ጯሂ፣ ጤነኛ።

ልጅቷ መዳህ ስትጀምር አማቷ ጉንፋን ያዛቸውና ሐሙስ ዕለት በምትካቸው ልብስ ሰፊዋን ላኩ። መሃል ላይ ቆማ «ጫን… ያዝ…» ስትል ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። የወርክሾፕ ስሟን ከአማቷ የሰማው ሾፌር እጁን አወጣ።

«ጋዜጠኛዋ፣ የቀኝ እጄን ስጫን የግራው ትከሻዬ ነው የሚቀለኝ። ለምንድነው?»

«አላውቅም» አለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «እንዴት ሆኖ? መቼ ጀመረህ? እስኪ አሁን ጫነውና አሳየኝ።»