ወንዙን ብቻ የመታው ዝናብ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት አንድ ጥፋት አለኝ። ወርቃ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጥበቃ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት የፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቶ ሥራ ሲያስቆም፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ወንዙ ልቀቀው አለኝ። የጉድጓዱን ጠርዝ በዶማ ቆርጬ ለቀቅኩት። ሰፈሩ ለቀናት አፍንጫውን ይዞ ሰነበተ።

ሰው ሲያማርር ጣቢያው ያሳበበው ወንዙ ላይ ልብስ በሚያጥቡት ሴቶች ነው። ወንዙን ያበላሹት በሳሙና ነው ተባለና ቀበሌው እዚያ ልብስ እንዳያጥቡ ከለከለ። ጎረቤቴ አስቴር ይኸው እስከ ዛሬ ልብስ ተሸክማ ሌላ ምንጭ ፍለጋ ዳገት ትወጣለች። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ የእኔንም ጋቢ ደርባ... እኔም እግዜር ይስጥሽ እያልኩ እቀበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮ መጣች። ድርጅቱ የዘላቂነት ሪፖርት የሚባል የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ አሳትሟል።

«ጋሼ ተክሌ፣ ፎቶዎት ወጥቷል» ብላ ሰጠችኝ።

እውነትም ዶማዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ከሥሬ «የወንዛችን ጠባቂ» ይላል።

ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የዚያን ጊዜውን ጉዳይ አገኘሁት። በከባድ ዝናብ ምክንያት መጠነኛ የውሃ መቀላቀል አጋጥሞ፣ ማኅበረሰቡን ስለ ሳሙና አጠቃቀም በማስተማር ተፈትቷል ይላል። ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ ደግሞ የዚያው ወር ቡና ለምን እንደጣፈጠ ያብራራል... አንድም ቀን ዝናብ ሳይነካው በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ በፀሐይ ስለደረቀ ነው።

«ልጄ፣ ዝናቡ ወንዙን ብቻ መርጦ ነው የዘነበው?» አልኳት።

ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ሁለቱን ገጽ የጻፉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።»

ልስቅ ቃጣኝ። ቤት ስደርስ ግን አስቴር የታጠበ ጋቢዬን አጣጥፋ ደጃፌ ላይ አስቀምጣለች። ሳቄ ጠፋ... እኔስ ከመጽሐፉ በምን እሻላለሁ? በየጸሎቴ «ማረን» እያልኩ ከሕዝብ ጋር ተደባልቄ አልፋለሁ እንጂ፣ «ማረኝ፣ በዶማ ቆርጬዋለሁ» ብዬ አላውቅም።

ቅዳሜ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በሸንጎአቸው፣ በሶንጎ፣ ሲቀመጡ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። አስቴርና ሴቶቹም እንዲመጡ ለምኜ ነበር። ሁለቱን ገጽ አስነበብኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ዝናቡ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ማን እንዳዘዘኝ፣ በየት በኩል እንደቆረጥኩ፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። አስቴር አንዴ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ክልከላው እንዲነሳ ለቀበሌው ደብዳቤ ሲጻፍ፣ ያጠፋውን ሰው ስም ተክሌ ብዬ በእጄ ጻፍኩና ፈረምኩበት።