ገደል አፋፍ ላይ የነበረው ካብ

ባለፈው ወር መታወቂያ ላሳድስ የገባሁበት ቢሮ ግድግዳ ላይ ዘመኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ አየሁ። ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ ዝንብ ነጠብጥቦበታል፤ ሥዕሉ ስለሚያምር ይመስለኛል ማንም አላነሳውም። የማለዳ ፀሐይ ያረፈበት አምባ ነው። አናቱ ላይ የጥንት ግንብ ፍራሽ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ጉም ይታያል። ጸሐፊዋ ዓይኔን ተከትላ አየችና፣ «ያምራል አይደል? መንዝ ነው አሉ። ጥራቱን እዪልኝ! ምንም የጋረደው ነገር የለም» አለችኝ።

«አዎ፣ ምንም የጋረደው የለም» አልኳትና መታወቂያዬን ሳልቀበል ወጣሁ። በማግሥቱ ተመልሼ እንደገና ወረፋ መያዝ ነበረብኝ።

ያ ፎቶ ሲነሳ እዚያው ነበርኩ። የሚጋርደውን ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ከሞላሌ ወዲያ፣ መሬቱ አልቆ ቆላው ቁልቁል የሚታይበት ዳር ላይ ነው። ከገደሉ ማዶ ብቻውን የቆመ አምባ አለ፤ ግንቡ ያለው እሱ ላይ ነው። ማን እንደሠራው የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ የንጉሥ ማረፊያ ነበር ይላል፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ነበር ይላል። መውጫው ከተናደ ብዙ ዘመን ስለሆነው ሰው የሚያየው ከእኛ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ ሆኖ ነው። እኛ ግን ሲነጋም ሲመሽም እያየነው ስላደግን ዞር ብለን አናየውም ነበር።

ያሳየን የኅብረተሰብ መምህራችን ነው። ከቆላ ከተማ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ ብርዳችንን እየረገመ ሁለት ጋቢ ደርቦ ያስተምራል። አንድ ቀን ከወንድሙ የተዋሰውን ዲጂታል ካሜራ ይዞ ክፍል ገባ። የየአካባቢው ቅርስ ፎቶ እየተሰበሰበ መሆኑን ነገረንና፣ «ፎቶ የሌለው ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጠረው» አለ። ይቺ ነገር ልቤ ውስጥ ገባች። እኛም አገር የሚታይ ነገር እንዳለ ሰው እንዲያውቅልን ፈለግሁ። እንዲህ አድርጌ የፈለግሁት ነገር ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

ዕቅዱን ያወጣነው ተማሪው ከወጣ በኋላ ክፍል ውስጥ ነው፤ መምህሩ፣ የዴስክ ጓደኛዬና እኔ። በደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ጻፍነው። ዓርብ ከሰዓት ቦታውን ሄዶ ማየት፣ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መነሳት፣ ፀሐይ ከኋላችን ሆና ግንቡን ስትመታው ማንሳት። መምህሩ ስለ ብርሃን ያውቃል፣ እኛ ስለ ጉም እናውቃለን። «ከሁለት ሰዓት ካለፈ ጉሙ ከቆላ ይነሳል» አልነው። ጓደኛዬ ቆሎ ልትይዝ፣ እኔ መንገድ ልመራ ተስማማን። መስቀል ካለፈ ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

ዓርብ ዕለት ሄድን። ኮረብታው ጦስኝ የለበሰ ነው፤ በረገጥሽው ቁጥር ይሸታል። ዛሬም ሻይ ውስጥ ጦስኝ ሲጨምሩ ብርጭቆውን አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ሰው አመለኛ ይለኛል። መንገዱ ሽቅብ ሽቅብ ብሎ ሁለት ቋጥኞች መካከል ይገባል። ግንቡ ሙሉ በሙሉ የሚታየው በዚያ ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ደረት የሚደርስ ካብ ቆሟል።

ለምን እንደቆመ ልንገርሽ። በእኛ አገር ገደል አፋፍ የሚኖር ሰው መሬቱ የሚያበቃበት ላይ ካብ ይክባል። አጥር አይደለም፣ ከብትም አይከለክልም፤ ለጉም ነው። ጉም ሲሸፍን ሰው የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ ዱላውን ወደ ፊት ዘርግቶ ይሄዳል፤ ዱላው ካቡን ሲመታ ቀጭ ይላል፤ እዚያ ይቆማል። ከዚያኛው ካብ ወዲያ አራት እርምጃ ነበር የቀረው፤ እሱም ቁልቁል ያዘነበለ፣ ሣሩ የሚያንሸራትት።

ካቡ የአባቴ ነበር። የመሠረቱን ድንጋይ ያስቀመጡት አያቱ ናቸው። አባቴ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ክረምት ያናጋውን ያድሳል፤ ወንድም ስላልነበረኝ ድንጋይ የማቀብለው እኔ ነኝ። ሲያፈርስም ሲክብም ያስተምረኛል። «ካብ ስታፈርሺ ለሚክበው እያሰብሽ አፍርሺ። ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ ደርድሪ። እንደመጣልሽ ከጣልሽው ያ ሰው ድንጋይ ሲመርጥ ነው የሚውለው» ይለኝ ነበር። በዚያ ዓመትም አድሰነው ገና አንድ ሳምንቱ ነበር።

መምህሩ ካሜራውን አንስቶ አየና፣ «አይ! ይኼ ክምር ግማሹን ዋጠብን» አለ። ወደ ላይ ተንጠራርቶ ሞከረ፤ ድንጋይ ላይ ቆሞ ሞከረ። «አልፌ ላንሳው እንዴ?» ሲል፣ «አይቻልም ቲቸር፣ ከካቡ አይታለፍም» አልኩት። አንገቱን አስግጎ ቁልቁል አየና ሁለተኛ አልጠየቀም። ካሜራውን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ። «በቃ፣ አልሆነም» አለ።

«እናነሳዋለን» አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ዛሬም ድረስ ያንን ቃል ያወጣ ሌላ ሰው ብፈልግ አላገኝም።

ጓደኛዬ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። «አባትሽስ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አያውቅም። ነገ ፎቶው እንዳለቀ መልሰን እንክበዋለን።»

አባቴ «ከካቡ እንዳታልፊ» ያለኝን አክብሬ ነበር እኮ። አላለፍኩም፤ ካቡን ብቻ ነው ያነሳሁት። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ብልጠት ሞልቷል። እየተቀባበልን ከቋጥኙ ጥግ ደረደርነው። እንደተማርኩት ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ አደረግሁ፤ በሥራዬም ኮራሁ። ክፍተቱ ባዶ ሲሆን ግንቡ ሙሉ ሆኖ ታየ። መምህሩ እንደ ልጅ አጨበጨበ።

ማታ ራት ላይ አባቴ ጠየቀኝ። «ነገ የት ናችሁ?»

«ካቡ ጋ።»

«ጉም ቢመጣስ?»

«ባለሁበት እቀመጣለሁ።»

«ጎሽ» አለና ጉርሻ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ብናገር በዚያው ሰዓት ችቦ ለኩሶ ሄዶ እንደሚክበው አውቃለሁ፤ ፎቶው ይቀራል። ጉርሻውን ዋጥኩ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ያሰብነው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ከጉሙ በስተቀር። ክፍተቱ ጋ ስንደርስ ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ቋጥኙን ተጠግተን፣ ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። ከገደሉ በታች ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይጯጯሃሉ እንጂ አይታዩም። ብዙ ከቆየን በኋላ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተከፈተና ግንቡ ፀሐይ ለብሶ ብቅ አለ። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነሳ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ተዘጋ። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ተራ በተራ አየነው፤ እንዴት እንደተደሰትኩ አልደብቅሽም።

ጉሙ ከፊቱ ይልቅ ባሰ። መልሰን እንክባለን ያልነውን በዳበሳ መሥራት አይቻልም፤ ይግለጥልን ብለን ቁጭ አልን። የዘገየን መሰለኝ፤ ለካ እማዬ ሰግታ ለአባቴ ነግራው ኖሯል። ቅዳሜ ስለሆነ እርሻ የለም፣ ቤት ነው ያለው። በርኖሱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ።

ድምፁን የሰማሁት ከታች ከመንገዱ ነው። «የት ነሽ ልጄ?»

እኔም ዕድሜዬን ሙሉ በጉም ውስጥ ስጠራ እንደምመልሰው መለስኩ። «ካቡ ጋ ነኝ!»

አፌ ነው የተናገረው። ሳላስብ ከአፌ ወጣ።

«መጣሁ፤ እንዳትነሺ!» አለ።

የዱላውን ድምፅ ሰማሁ። መሬቱን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል። እርምጃው ፈጣን ነበር፤ ልጁ ካቡ ጋ ካለች ካቡም እዚያ አለ። የእርጥብ ሱፍ ሽታ አፍንጫዬ ደረሰ፤ በርኖሱ በአጠገባችን እንደ ጥላ አለፈ። ያኔ ነው ያስታወስኩት። «አባዬ ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ድንጋይ ሲንከባለል ሰማሁ። ከዚያ ዱላው ቋጥኝ ለቋጥኝ ሲጋጭ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ጭላዳዎቹም ዝም አሉ።

የሰፈሩ ወንዶች በታች ዞረው ፈለጉት። አስከሬኑ ቤት የገባው በማግሥቱ ነው። ዱላውን አንድ ጎረቤት ቁጥቋጦ ላይ ተሰክቶ አገኘውና ለእማዬ አመጣላት፤ አልተሰበረም። ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ ካቡ ፈርሶ እንደነበር ተነጋገሩ። «ጭላዳ ነው። ሣር ሲምስ ድንጋይ ይንዳል» አሉ አንዱ። ሌሎቹም ተስማሙ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሰው ያዘነች ልጅ ናት ብሎ ተወኝ።

መምህሩ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ «ለምን እንደሚካብ አልነገርሽኝም» አለኝ በሹክሹክታ። እውነቱን ነው፣ አልነገርኩትም። የገና በዓል ሳይደርስ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። ፎቶውን ግን ቀድሞ ልኮት ኖሯል። ጓደኛዬ ዓለም ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ሁሉም እናወራለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ከቢሮው በወጣሁ በሳምንቱ አገር ቤት ሄድኩ። መስቀል አልፎ ነበር። እማዬ አርጅታለች፤ የምትመረኮዘው የአባቴን ዱላ ነው። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ፣ «ነይ ካቡን እንየው፤ ክረምቱ በላው አሉ» አለችኝ። ከቀብሩ በኋላ ሰፈርተኛው መልሶ ክቦታል፤ በየዓመቱም የሚያድሰው ሌላ ሰው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ኮረብታውን ረግጬው አላውቅም ነበር።

ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን። የካቡ አንዱ ጎን ተንዷል። እማዬ ቋጥኙ ሥር ተቀመጠችና፣ «ካቢው» አለችኝ። ጀመርኩ። እሷ ትናንሽ ድንጋይ እየመረጠች ታቀብለኛለች። ግማሽ ላይ ስንደርስ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ እንዲህ አለችኝ።

«በሠልስቱ ማግሥት መጥቼ ነበር፤ ወንዶቹ ሳይክቡት። ጭላዳ ነው ሲሉ ድንጋዮቹን ልያቸው ብዬ። ትልቁ ከትልቁ፣ ትንሹ ከትንሹ ተደርድሯል። ጭላዳ ይንዳል እንጂ አይደረድርም።»

የያዝኩት ድንጋይ እግሬ ላይ ወደቀ። አላመመኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ ስትድረኝ፣ ስወልድ ስታርሰኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ እማዬ?»

«አንድ ቀብሬ ነበር» አለች። «ሁለተኛ ልቅበር?»

አለቀስኩ። ለአባቴ እንደዚያ አልቅሼለት አላውቅም፤ ያኔ የሚያስለቅሰኝ ፍርሃት ነበር። እማዬ አላባበለችኝም። እስኪወጣልኝ ጠበቀችና፣ «ያቺን ከታች አስገቢያት፤ ትወዛወዛለች» አለችኝ። አስገባሁ። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሦስት ድንጋዮች ጫንኩ። ማዶ ግንቡ ግማሹ ተጋርዶ ግማሹ ይታያል።

እማዬ ቋጥኙን ይዛ ተነሳች። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ዱላውን ወደ ፊት ዘርግታ መሬቱን እየነካካች መጣች። ቀጭ አለ።

«በቃ፣ ይሰማል» አለችና ቁልቁለቱን ጀመረች።